ሊቀ ማያት ጉንዶልፍ እና የተቆለፈው የዝናብ በርሜል

በዚህ አገር መኪናህን አላግባብ ብታቆም ፖሊስ ይቀጣሃል። ተክል አላግባብ ብታጠጣ ግን የሚቀጣህ ጎረቤትህ ነው፣ ይግባኝም የለውም። ማጠጫ ይዞ በረንዳ ላይ የወጣን ሰው አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ጀርመናዊ እስካሁን አላጋጠመኝም። አንዱ «በዚህ ፀሐይ?» ይላል፤ ሌላው «ኧረ ቅጠሉ ላይ አይደለም!» ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይል ራሱን እየነቀነቀ ያልፋል። በየሕንፃው ደግሞ ከነዚህ ሁሉ በላይ የተቀመጠ አንድ አለቃ አለ። ማን እንደሾመው አይታወቅም፤ የሚሽረውም የለም።

የኛ ሕንፃ አለቃ ክቡር ሊቀ ማያት ጉንዶልፍ ሁመር ናቸው። «ሊቀ ማያት»፣ የውሃ ሁሉ አለቃ፣ የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቢሰሙ «ዘገየ» ይሉ እንደሆነ እንጂ «በዛብኝ» አይሉም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚሁ ቩርዝቡርግ ከተማ ውስጥ ጫማ ቤት ነበራቸው። የደንበኛን አውራ ጣት በጫማው ላይ ጫን እያደረጉ «እዚህ ጋ ይጠብሃል» ይሉ የነበረበት አውራ ጣታቸው ዛሬም ሥራ አልፈታም፤ ያገኙት አፈር ውስጥ ሁሉ ይገባል። ባንክ ቤት ወረፋ ሲጠብቁ የባንኩን አበባ ሲመረምሩ አይቻለሁ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጣታቸውን በመሐረብ የሚጠርጉትም ለዚሁ ነው።

መካነ መቃብር ውስጥ የሆነውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አንዲት ባልቴት የባላቸው መቃብር ላይ ያሉትን አበቦች ማጠጫ ሙሉ ውሃ ሲያወርዱባቸው ሊቀ ማያት ደረሱ። ቆመው ተመለከቱ፣ ታገሡ፣ አልቻሉም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ ባርኔጣቸውን አንስተው፤ «ሟቹ በሕይወት ሳሉ እንኳ ይህን ያህል አይጠጡም ነበር!»

ሟቹ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበሩ፣ ጠጪነታቸውም የታወቀ ነው። ባልቴቷ መጀመሪያ ደነገጡ፣ ቀጥሎ ሳቁ፣ በመጨረሻ ማጠጫውን አስቀመጡ። አበቦቹ እስከ መስከረም ቆዩ።

እንግዲህ ሕጉ ለእያንዳንዱ አዋቂ ሰው በቤቱ ሦስት እግር ካናቢስ እንዲያበቅል የፈቀደ ጊዜ ሊቀ ማያት ጉንዶልፍ በተራቸው ነገሡ። እሳቸው አያጨሱም። ሽታው እንኳ ራሳቸውን ያሳምማቸዋል። «ታዲያ ለምን ተከሉ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ቲማቲምማ ማንም ያጠጣዋል» አሉኝ።

እኔም ተከልኩ። ጀማሪ ነኝና ጠዋትም አጠጣሁ፣ ማታም አጠጣሁ። ቅጠሉ ጠወለገ። ጠምቶታል ብዬ ጨመርኩ። ባሰበት፤ እኔም ባሰብኝ። ከግቢው ሆነው ሲያዩኝ የሰነበቱት ሊቀ ማያት አንድ ቀን ሳይጠሩ በረንዳዬ ላይ ተገኙ፣ አውራ ጣታቸውንም ወደ አፈሩ ላኩ።

«አንሳው እስቲ!»

መትከያውን ከነአፈሩ አነሳሁት። ወገቤ ተንቋቋ።

«ይሄ አበባ ነው ባልዲ?» አሉኝ። «ስማ፣ ይቺ ተክል ሲጠማትም ቅጠሏ ይጠወልጋል፣ ስትሰምጥም ቅጠሏ ይጠወልጋል። በምን ትለያለህ?»

«በ... መልኳ?»

«በክብደቷ! ቀልላ ስታገኛት ታጠጣለህ፣ ከብዳ ስታገኛት እጅህን ኪስህ ውስጥ ትከታለህ። የሚከብደው ሁለተኛው ነው።»

ቀጥሎ የውሃ ትምህርት ተጀመረ። የከተማችን የቧንቧ ውሃ ኖራ የበዛበት ነው። የውሃ ማፍያችን ሆድ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል፤ እኛ በኮምጣጤ አስለቅቀን እንረሳዋለን፣ እሳቸው ግን እንደ ግል ጠላት ይዘውታል። የቧንቧ ውሃ በክፍት ባልዲ ማደር አለበት፣ ክሎሩ እንዲወጣና ቅዝቃዜው እንዲሰበር። «አንተን ከእንቅልፍህ በበረዶ ውሃ ቢቀሰቅሱህ ታድጋለህ?» ይላሉ። ከዚያ ግማሽ በግማሽ ከዝናብ ውሃ ጋር ይደባለቃል። የዝናብ ውሃ ብቻውን ለስላሳ ነው፣ ግን እንደ ሆስፒታል ሾርባ ምንም የለበትም። ከደረቅ ሰሞን በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ ይደፋል፤ ጣሪያውን አጥቦ የመጣ ነውና። ከግርጌው ሳህን ላይ የተጠራቀመውም ይደፋል። ሁሉንም እንዳሉት አደረግሁ፣ ተክሌም ዳነች። የሚያበሳጨው ነገር ይኸው ነው፤ ሁልጊዜ ልክ ናቸው።

ግቢያችን ውስጥ የሳቸው የዝናብ በርሜል አለ። ለእኔም በየሳምንቱ አንድ ማጠጫ ይሰፍሩልኝ ነበር፣ ከምክር ጋር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ፎቅ እንውጣ። እዚያ የሚኖሩት ወይዘሮ ቫልቡርጋ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትራም ሲነዱ የኖሩ፣ ዛሬ ግን ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጣመው አልታጠፍ ያሏቸው ሴት። ሌሊት እጃቸውን ሲያማቸው እንቅልፍ የላቸውም። እናም ሦስቱን እግር ተከሉ፤ ሐኪማቸው ትከሻውን ሰብቆ ዝም አለ። ዝም ያላለችው ልጃቸው ኡተ ናት። የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ክፍል አስይዛላቸዋለች።

«እማዬ፣ ቁልፍ ማዞር ያቃተሽ ሰው እንዴት ብቻሽን ትኖሪያለሽ?» ብትላቸው፣ እልኸኛዋ እናት፣ «ነሐሴ መጨረሻ ላይ መጥተሽ እያቸው፤ ሦስቱን ካደረቅኋቸው ጓዜን ራሴ እጠቀልላለሁ» ብለው ቃል ሰጡ። ቃላቸውን ደግሞ አያጥፉም።

ችግሩ ተክሎቹ ቢጫ መሆን መጀመራቸው ነው። ወይዘሮ ቫልቡርጋ እንደኔው በፍቅር እያሰመጧቸው ነበር። ሊቀ ማያት ጉንዶልፍ ከታች ሆነው ቢጫውን ቅጠል አዩና ደረጃውን ወጡ፤ እኔም ጨዋታ እንዳያመልጠኝ ተከተልኳቸው።

«ወይዘሮ ቫልቡርጋ፣ ለመሆኑ አንስተው አይተውታል?»

ወይዘሮዋ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው። «በምን ላንሳው? በጥርሴ?»

ሊቀ ማያት እጆቹን አዩ። መትከያዎቹን ራሳቸው ተራ በተራ አነሱ። ከዚያ፣ «የደረጃው መስኮት መፈተሽ አለበት፤ ነገ ጠዋት እመለሳለሁ» ብለው ወረዱ።

የደረጃው መስኮት ምንም አልሆነም። እሳቸው ግን በየማለዳው ሊፈትሹት ይወጣሉ፤ ሲወጡም የወይዘሮዋን በር አንኳኩተው ሦስቱን መትከያ ተራ በተራ ያነሳሉ። «ይቺ ዛሬ፣ እነዚያ ነገ» ብለው ይሄዳሉ። የሚያጠጡት ራሳቸው ወይዘሮ ቫልቡርጋ ናቸው፣ አፏ ረጅም የሆነች ትንሽ ማጠጫ በሁለት የእጅ አንጓቸው መሃል አጣብቀው። «የሰው ተክል መንከባከብ ሕጉ ይፈቅዳል?» ብዬ ነገር ፈለግኳቸው።

«ተክሉን መች ነካሁ? እኔ የማነሳው መትከያውን ነው!»

ሐምሌ ገባ፣ ዝናብ ጠፋ። ሳሩ ገለባ ሆነ፤ በርሜሉም ሲያንኳኩት ከበሮ መምሰል ጀመረ። አንድ ጠዋት ማጠጫዬን ይዤ ብወርድ ክዳኑ በብስክሌት ሰንሰለት ተቆልፏል።

«ላንተ የለም» አሉኝ ሊቀ ማያት።

«ኧረ ግማሽ ማጠጫ ብቻ!»

«የቧንቧውን አሳድረህ አጠጣ። ያንተዋ ጎረምሳ ናት፣ ትችለዋለች።»

«የእርስዎስ ተክሎች አይችሉም?»

«በርሜሉ የማን ነው?»

ተናደድኩ። ለሳምንታት ሰላምታዬን አሳጠርኩባቸው። ለሚስቴም «ይሄ ሽማግሌ ለራሱ ሦስት እግር ሲል ሰው ያስጠማል» ብዬ አማኋቸው። ሚስቴ፣ «የተጠማው ሰው ማን ነው? አንተ ቢራ ይዘህ ነው የምታወራው» አለችኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ኡተ መጣች። የክፍሉን ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የመጣችው። ወይዘሮ ቫልቡርጋ ምስክር እንድሆን ጠርተውኛል። በረንዳው ሲከፈት ሦስቱ ተክሎች እስከ ደረታችን ደርሰው፣ ለምለም፣ ጥቅጥቅ ብለው ቆመዋል፤ ሽታቸው ተቀበለን። ኡተ ቅጠሎቹን ዳሰሰች፣ ግራ ቀኝ ፈለገች፣ እንከን አጣች።

«ማን እያጠጣልሽ ነው?»

«ማንም። በነዚህ ነው» አሉ እጃቸውን አንስተው፣ ውሸትም አልነበረም።

ኡተ እነዚያን እጆች ይዛ አገላበጠቻቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ እዚያው ፊታችን ደወለችና ክፍሉን ለሌላ ሰው እንዲሰጡት ነገረቻቸው። እናትየው «ኬክ ብሉ» ብለው ፊታቸውን ወደ ወጥ ቤት አዞሩ፤ ሲያለቅሱ እንዳናይ ነው።

ወሬውን ለማድረስ ወደ ሊቀ ማያት ቤት ወረድኩ። በሩ ክፍት ነበርና ጠርቻቸው መልስ ሳልጠብቅ እስከ በረንዳው ዘለቅሁ። የሳቸው ሦስት እግር ከጉልበቴ አያልፉም። የቅጠሎቹ ጠርዝ የተቃጠለ ወረቀት መስሏል፤ አፈሩ ላይ የውሃ ማፍያችን ሆድ ውስጥ የማውቀው ነጭ ቅርፊት ተጋግሯል። ሊቀ ማያት ጉንዶልፍ፣ ያ የኖራ ጠላት፣ የገዛ ተክሎቻቸውን በቧንቧ ውሃ አኑረዋቸዋል። የበርሜሉ ውሃ በሙሉ ወደ ሁለተኛው ፎቅ ሲወጣ ከርሟል።

ከኋላዬ ደረሱ። እንዳየሁ አዩ።

«ሙከራ ነው» አሉ። «የቧንቧ ውሃ ምን እንደሚያደርግ ለማየት ነው።»

«እና ምን አደረገ?»

«እንደምታየው ነው።» በአውራ ጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። «ላይኛዋስ?»

«ይቀራሉ። የትም አይሄዱም።»

ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ማስተማር የሚጀምሩ መስሎኝ ተዘጋጀሁ፣ ግን የደረቁትን ቅጠሎች ያዩ ነበር፣ ፊታቸውም ደስ ብሎታል። እኔ ይህን ሰው እወደዋለሁ። ምክሩ እስኪያንገሸግሸኝ ድረስ ሰምቼዋለሁ፣ ገናም እሰማዋለሁ፣ እወደዋለሁ።

ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ።

«ይህን ለወይዘሮ ቫልቡርጋ ብትነግራቸው የዝናብ ውሃ በሕልምህ ነው የምታየው። ገባህ?»

ገብቶኛል። ቃሌንም ሰጥቻቸዋለሁ፤ ለወይዘሮ ቫልቡርጋ እስከ ዛሬ አንዲት ቃል አልተነፈስኩም። እሳቸው ግን ዘወትር ቅዳሜ ጋዜጣውን ከፍተው መጀመሪያ የሚያነቡት ይህን የኔን ዓምድ እንደሆነ አውቃለሁ። እኔም ከዛሬ ማታ ጀምሮ የቧንቧ ውሃ በባልዲ አሳድራለሁ።