ሁሉቃን ያቀላው ጎረቤቴ

ቅናት የሚሉት በሽታ ይዟችሁ ያውቃል? እኔን ይዞኝ አያውቅም። እኔ የምቆረቆረው ለወንዛችን ለሁሉቃ ብቻ ነው።

አምቦ ውስጥ ቀለም የምንቀምም ሁለት ሰዎች ነበርን፤ እኔና ጎረቤቴ ኦቦ ቶሎሳ። እኔ ለትምህርት ቤቶች ሰማያዊ የሥዕል ቀለም እሠራ ነበር፣ እሱ ለመፈክር ጻፊዎች ቀይ። በርሜላችንን የምናጥበው ግን ሁለታችንም ሁሉቃ ላይ ነበር። ታዲያ አብዮቱ ፈንድቶ የከተማው ግድግዳ ሁሉ ቀይ ሲለብስ፣ የቶሎሳ ቤት እንደ ገበያ ቀን ሰው ይጎርፍበት ጀመር። እኔ ደጃፍ ዶሮ እንኳ አይቆምም። እስቲ ፍረዱኝ፣ ይኼ ለወንዝ ጤና ደግ ነው?

ቀበሌ ሄጄ፣ «ቀለም ወንዙን እየመረዘው ነው!» ብዬ አመለከትኩ። ሊቀመንበሩ ኮሚቴውን አስከትሎ ወንዙ ዳር ወረደ። ውሃው በእኔ በኩል ሰማያዊ፣ በቶሎሳ በኩል ቀይ ሆኖ ይፈሳል።

«ሰማያዊው ከዛሬ ጀምሮ ታግዷል» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንጀራዬስ? ደግሞስ ቀዩ?»

«ጓድ፣ የአብዮት በዓል ደርሷል። ቀይ ይበክላል ነው የምትለን?»

እንዲያ ማለቴ እንዳልሆነ ስምል ስገዘት፣ ቶሎሳ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «አይዞህ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድማማች አይደለንም? እኔ ጋ ትሠራለህ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ የቶሎሳን በርሜል የማጥበው እኔ ነኝ። ሁሉቃን እሱ ካቀላው አብልጬ ሳላቀላው ደግሞ ወደ ቤቴ አልገባም።