መምህር ደምሴ መኪና ሲነዳ

አንድ ሰው አንድ ነገር ካወቀ፣ የዚያን ነገር ጎረቤት ሁሉ አብሮ ያውቃል ብሎ መገመት የእኛ ጠባይ ይሁን የዓለም ሕዝብ ሁሉ ጠባይ አላውቅም። ሐኪም አይታመምም እንላለን። ቄስ አይቆጣም እንላለን። ዳኛ ከሚስቱ ጋር አይጣላም እንላለን፤ ይህን የምንለው የዳኛ ጎረቤት ሆነን ስለማናውቅ ነው። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች የሚለውን ተረት አባቶቻችን የተዉልን እንዲህ ካለው ግምት ሊያድኑን ነበር። ግን ተረትን ለራሱ ብሎ የሚሰማ ማን አለ? ሁሉም ለጎረቤቱ ነው የሚያውሰው።

ባለቤቴ መምህር ደምሴ አሰብ ላይ የአውቶ መካኒክ አስተማሪ ነበር። በሰው ፊት «እሳቸው» እለዋለሁ፤ እዚህ እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን «እሱ» ብል አትታዘቡኝ። በሞተር ጉዳይ አሰብ ውስጥ የእሱን ቃል የሚጥል አልነበረም። ወደቡ ላይ የቆመ የጭነት መኪና አልነሣም ሲል ሾፌሩ ደምሴን ያስጠራል። ደምሴ ይመጣል፣ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አስጠግቶ እንደ ንስሐ አባት ጥቂት ያዳምጥና፣ የናፍጣ ማጣሪያዋ አሸዋ ውጣለች ይላል። ሲከፈት እውነትም አሸዋ ነው። አሰብ ውስጥ አሸዋ ያልገባበት ነገር ስለሌለ ይህን እኔም መገመት እችል ነበር፤ ግን እኔን ማን ጠየቀኝ?

በቤቱም እንዲሁ ነበር። የአሰብ ሙቀት ምን እንደሚመስል ያልኖረበት ሰው አይገባውም። ቀትር ላይ ውሻ እንኳን ለመጮህ ይሰንፋል። ልጃችን ሮማን ስትወለድ ደምሴ ከተጣለ መኪና የራዲያተር ማራገቢያ ፈትቶ፣ ከአንድ ትንሽ ሞተር ጋር አጋጥሞ፣ ፊት ለፊቱ እርጥብ አንሶላ ሰቀለላት። ቤታችን ሊነሣ እንደተዘጋጀ አውሮፕላን ያጓራ ነበር፤ ልጅቷ ግን ተኛች። ከሥራ ሲመጣ እጁን በላምባ አሽቶ፣ በሳሙና ታጥቦ፣ ከዚያ ነው የሚያቅፋት። ሮማን ለረጅም ጊዜ ላምባ የሚሸት ሰው ሁሉ ዘመዷ ይመስላት ነበር። የሽንት ጨርቋን ሳይቀር እሱ ነው የሚያጥበው። ከየአውራጃው ተመድበው የመጡት የመንግሥት ሠራተኞች ሚስቶች ይህን አይተው ምን ያላሉት አለ። አንዷማ፣ መድኃኒት አስነክታው ነው ብላለች አሉ። እኔ ያስነካሁት ነገር ቢኖር አንድ ቆርቆሮ የአጃክስ ሳሙና ነው፤ የቀረው የሰውየው ተፈጥሮ ነው።

ታዲያ ይህ ሰው አንድ ነገር ብቻ አይችልም ነበር። መኪና መንዳት።

አትሳቁ። ነገሩ እንዲህ ነው። ደምሴ ሙያውን የተማረው መሬት ላይ በተተከለ፣ ጎማም መሪም በሌለው ሞተር ነው። በኋላ መንዳት ሊለማመድ ሞክሮ ነበር። ግን ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ በዓይኑ ይታየዋል፤ ሸራው ሲፋጭ፣ ሞላው ሲጨነቅ፣ ጥርስ ከጥርስ ሲጋጭ። ማርሽ ሲያስገባ የተንገጫገጨ እንደሆነ የራሱ ጥርስ እንደተነቀለ ያህል ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይኑን የጨፈነ ሾፌር ደግሞ የት እንደሚደርስ የታወቀ ነው። እሱ የደረሰው ግንብ ላይ ነው። መኪና መንዳት የሚችለው ስለ መኪና ምንም የማያውቅ ሰው ብቻ ነው ይለኝ ነበር፤ እንደ ሾፌር ልጅነቴ ቅር ይለኝ ነበር።

ከተማው ይህን እንዴት አላወቀም ትሉ ይሆናል። ደምሴ መኪና ሠርቶ ሲጨርስ ባለቤቱ እንዲነዳ ያደርግና እሱ ከጎኑ ተቀምጦ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሞተሩን ያዳምጣል። ሰውም፣ እዩት፣ እንደ እኛ መሪ ይዞ መንጠላጠል አያስፈልገውም፣ እሱ እኮ ሊቅ ነው ይላል። አለማወቅን እንደ ክብር የሚያስቆጥር ዕድል ለስንቱ ይሰጠዋል?

እኔ ደግሞ መንዳት እችላለሁ። አባቴ ከደሴ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እግዜር ነፍሱን ይማር። ወንድ ልጅ አልነበረውም። ሚሌን አልፎ መንገዱ ቀጥ ሲልለት መሪውን ለእኔ ይለቅና እሱ ጫቱን ይቅማል። እናቴ ይህን የሰማች ቀን ቤታችን ውስጥ የተነሣውን ማዕበል ቀይ ባሕር አያውቀውም። ከጋብቻ በኋላ ግን የመምህር ሚስት መሪ ላይ ተቀምጣ ብትታይ ምን ይባላል? በዚያን ጊዜ አሰብ ውስጥ መኪና የምትነዳ ሴት አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እኔና ደምሴ ሳንፈራረም ተዋዋልን። እሱ እኔ እንደምችል አይናገርም፤ እኔም እሱ እንደማይችል አልናገርም። ደኅና ትዳር ከዚህ የተለየ ነገር ያለው አይመስለኝም።

ሁለተኛ ልጃችን ሊወለድ ሲል ይህ ውላችን ተፈተነ። እሑድ ነበር፤ ቀትር ላይ። ምጥ ከታሰበው ቀን ቀድሞ መጣብኝ፤ መጣብኝም ስል እንደ ጨዋ እንግዳ አንኳኩቶ አይደለም። ሐኪም ቤቱ ከሰፈራችን ራቅ ይላል። በዚያ ሰዓት በመንገድ ላይ እንኳን ታክሲ ጥላም የለም። ጎረቤቴ ፋጡማ ጩኸቴን ሰምታ መጣች። ባሏ አሕመድ የወደብ ሠራተኛ ነው፤ በትርፍ ጊዜው ከበይሉል ጠረፍ ዓሣ የሚያመላልስባት አሮጌ ፒክአፕ አለችው። በዚያ ቀን እሱ በጀልባ ዒድ ወደምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ሄዷል፤ መኪናይቱ ደግሞ ደምሴ ሊሠራት ተረክቧት እኛ ግቢ ቆማለች። ተሠርታም አልቃለች።

ፋጡማ ትልቅ ትንሹን «አንተ» ነው የምትለው፤ እግዚአብሔርንም ንጉሡንም። መምህር፣ ቁልፉ ባንተ እጅ፣ መኪናው ባንተ ደጅ፣ ምን ትጠብቃለህ አለችው። ጎረቤቱ ተሰብስቧል። ከትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሁለት ሦስቱም ወሬ ሰምተው ደርሰዋል። አንዱ ሽማግሌ፣ ወይዘሮ የሺ አይዞሽ፣ ከመምህር ደምሴ የተሻለ ሾፌር ከየት ይመጣል ብለው አጽናኑኝ። እኔም በምጤ መሐል ደምሴን አየሁት። ፊቱ የታጠበ ጨርቅ መስሏል። በዚያች ደቂቃ እውነቱን ይናገር ይሆን ብዬ ጠበቅኩ። አልተናገረም። በተማሪዎቹ ፊት እንዴት ይናገር? ሮማንን ለፋጡማ እናት ሰጥቶ እኔን ደግፎ አስገባኝና መሪው ላይ ተቀመጠ። እኔ መሐል፣ ፋጡማ ከመስኮቱ በኩል።

ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ደምሴ ጥቂት አዳመጠና አንዷ ካንዴላ ታኮርፋለች አለ። ፋጡማ፣ እኔ ሳላኮርፍ ሂድ አለችው። ማርሽ አስገባ። መኪናይቱ ወደ ኋላ ዘላ የውሃ በርሜላችንን ገለበጠችው። አሰብ ላይ በርሜል ውሃ ማፍሰስ ሌላ ቦታ ጠላ ከማፍሰስ ይብሳል፤ ሰዉ ግን፣ አባትነት ነው፣ ልቡ ቸኩሎ ነው አለና እልል አለ። ሁለተኛ ሲሞክር ወደ ፊት ሄደች። እንደ ፌንጣ እየዘለለችም ቢሆን ሄደች። እኔም በየዝላዩ የማላውቃቸውን ቅዱሳን ሳይቀር ጠራሁ።

የግቢውን አጥር ዞረን ከሰው ዓይን እንደተሰወርን እጁን ያዝኩት።

«ደምሴ፣ ውረድ።»

«የሺ፣ አንቺ እኮ ምጥ ላይ ነሽ።»

«እኔ ምጥ ላይ ነኝ፤ መኪናይቱን ግን አንተ ነህ ያስማጥካት። ውረድ።»

ወረደ። እኔ ወደ መሪው ተሳብኩ፤ እሱ በፋጡማ በኩል ዞሮ መሐል ገባ። ፋጡማ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየችና ሻሿን አጠበቀች።

መንዳቱ ቀላል አልነበረም። ሆዴ ከመሪው ጋር ተጣበቀ፤ ጎንበስ ብዬ ማርሹን መያዝ አልቻልኩም። ያን ጊዜ ደምሴ ማርሹን በእጁ ያዘና፣ አንቺ ፍሪሲዮኑን ርገጪ፣ የቀረውን ለእኔ ተዪ አለኝ። እኔ እረግጣለሁ፤ እሱ ሞተሩን ሰምቶ፣ ልክ ሲጠግብ፣ ማርሹን እንደ ቅቤ ያስገባዋል። ጥርስ ከጥርስ አልተጋጨም። አባቴ ዕድሜ ልኩን ነድቶ እንዲህ ያለ ማርሽ አላስገባም። ምጡ ሲመጣ ዝግ እላለሁ፤ ሲሄድ እፈጥናለሁ። ደምሴ ግንባሬን በእጅጌው ይጠርጋል፣ ጥሩምባ ይነፋል፣ ይጸልያል፤ ሦስቱንም አንድ ላይ። ብዙ ዓመት አብረን ኖረናል፤ እንደዚያ ቀን የተግባባን አይመስለኝም።

ከተማው መሐል ልንደርስ ስንል ግመሎች መንገዱን ዘጉት። ጨው የጫኑ ናቸው፤ ግመል ደግሞ ለጥሩምባ ደንታ የለውም። ቆምኩ። ያን ጊዜ ክፉው ምጥ መጣና መሪው ላይ ተደፋሁ። የግመሎቹ ጌታ፣ አንድ ረጅም የአፋር ሰው፣ ወደ ፋጡማ መስኮት ቀረበና ሰላም ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ደምሴ በሁለት ሴቶች መሐል ተቀምጦ፣ ላቡ እየወረደ፣ ከንፈሩ እየተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ወደ ሰማይ አንጋጧል። ሰውየው በአፋርኛ አንድ ነገር ጠየቀ። ፋጡማ መለሰችለት። ሰውየው ራሱን በሐዘን ነቀነቀና እጁን ዘርግቶ ደምሴን ባረከው፤ ከዚያ ግመሎቹን በበትሩ እየገፋ መንገዱን ከፈተልን።

ምን አለሽ ብዬ ጠየቅኳት።

«ይህ ሰውዬ ሕመሙ ምንድነው አለኝ። በጣም ብርቱ ነው አልኩት።»

ምጥ ላይ ሆኖ መሳቅ ምን እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ለማታውቁት አልመኝላችሁም።

ሐኪም ቤቱ በር ስንደርስ ቃሬዛ የያዙት ሁለት ሠራተኞች እንደ ግመሉ ጌታ ወደ ደምሴ ነበር የሄዱት። እኔ በእግሬ ገባሁ። ብዙም አልቆየሁም፤ ወንድ ልጅ ተገላገልኩ። ዳዊት አልነው። ፋጡማ ግን እስካሁን ማርሽ እያለች ነው የምትጠራው፤ ለምን ብሎ ለጠየቃትም የአፋርኛ ስም ነው ትላለች።

ማምሻውን ደምሴ ልጁን አቅፎ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ደስ ብሎታል፤ ግን ደስታው ውስጥ አንድ ነገር ቆርቁሮታል። እንዲህ አለኝ፤

«ነገ ትምህርት ቤት ሄጄ እናገራለሁ። ይህ ልጅ ሲያድግ አባትህ ነድቶ አመጣህ ቢሉት፣ እኔ ዓይኑን ማየት አልችልም።»

ተማሪዎችህ ይሥቁብሃል አልኩት። ይሣቁ አለ። እንዳለውም አደረገ። በማግስቱ መምህራኑ ተሰብስበው እንኳን ደስ ያለህ ሲሉት፣ ቆሞ፣ እኔ መኪና መንዳት አልችልም፣ ግንብ መትቼ የተውኩ ሰው ነኝ፣ ትናንት የነዳችው ምጥ የያዛት ባለቤቴ ናት ብሎ አንድም ሳያስቀር ተናገረ።

መምህራኑ እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ። እንዲህ ያለ ጨዋታ አዋቂ መሆኑን አናውቅም ነበር አሉ። ዲሬክተሩ ግን አልሣቁም። ተነሥተው አቀፉትና፣ የራሱን ክብር ለሚስቱ የሚሰጥ ባል በዚህ ዘመን የት ይገኛል፣ ከትሕትናው ተማሩ አሉ። ደምሴ ማለ፣ ተገዘተ። በማለ ቁጥር ትሕትናው እየጨመረ ሄደ። ውሸት እግር የለውም ይላሉ፤ እኔ እንዳየሁት እግር ያጣችው እውነት ነች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ዲሬክተሩ ምጥ የያዛት ሴት ሳያንገጫግጭ ያደረሰ ሰው እንዲሁ መቅረት የለበትም ብለው፣ ደምሴ ከመካኒክነቱ ሌላ መንዳትም እንዲያስተምር መደቡት። ቤት መጥቶ ነገረኝ። እኔም፣ ለመሆኑ የመንዳት አስተማሪ የት ነው የሚቀመጠው ብዬ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ተማሪዎቹም ጎበዝ ሾፌሮች ሆነው ወጡ፤ ማርሽ አንገጫግጮ መምህሩ ሲሰቃይ ያየ ልጅ፣ ሁለተኛ አያንገጫግጭም።

ዳዊት መዳህ ሲጀምር እኔም ከእንግዲህ ተደብቄ አልነዳም ብዬ መንጃ ፈቃድ ልፈተን ሄድኩ። ደምሴ ልጆቹን ይዞ ጥላ ሥር ጠበቀኝ። ፈታኙ ከጎኔ ተቀምጦ በወደቡ መንገድ ወሰደኝ፤ በጭነት መኪኖች መሐል አሳለፈኝ፣ ወደ ኋላም አስነዳኝ። አንድም ስሕተት አላገኘብኝም። ስንመለስ ወረደና በቀጥታ ወደ ደምሴ ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጠው። መምህር፣ ድካምዎ በከንቱ አልቀረም፣ ጥሩ አድርገው አስተምረዋታል አለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ መረቀኝ።

«እንግዲህ እንደ እሳቸው ለመንዳት ያብቃሽ።»

በሕይወቴ አሜን ያላልኩበት ምርቃት ያ ብቻ ነው።