ለኩባ የሚመች ወቅት

ታሪክ ሲጻፍ የቆሰበሯ ቀበሌያችን ስም በወርቅ ቀለም ይስፈር፤ ወርቁ ከጠፋም በከሰል ይሁን፣ ብቻ አይቅር።

በ1971 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። አባቷ በምሥራቅ ጦር ግንባር የወደቀባት ውዴ፣ ኩባ በምትባል ሞቃት ደሴት በነጻ እንድትማር ተመርጣለችና ቀበሌው ለጉዞዋ የሚመቸውን ወቅት መርጦ በአስቸኳይ ያሳውቅ ይላል።

እናቷ እትዬ በለጡ፣ «ዛሬውኑ ትሂድ!» አሉ። እናት ምን ታውቃለች? ሊቀ መንበራችን ጓድ አድማሴ ግን አርቆ አሳቢ ናቸው።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። አጥኚ ኮሚቴ ይቋቋም!»

ተቋቋመ። የደሴትን ጠባይ ሊያጠናም በፈረስ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሄደ። ሐይቁ ውስጥ ደሴት የለም፤ ጥናቱ ግን በዚህ አልተበገረም። ጓድ አድማሴ እጃቸውን ውኃው ውስጥ ነክረው፣ «ኩባ ብርድ ነው፤ ልጅቷ ሁለት ጋቢ ትያዝ» ሲሉ በሳይንሳዊ መንገድ ደመደሙ።

ከዚያ ወሮቹ በየተራ ለፍርድ ቀረቡ።

«ጥር?»

«የሠርግ ወር! ማን ሥራ ፈትቶ ይሸኛታል?» አሉ የሴቶች ማኅበሯ ጓድ ስሜነሽ።

«መጋቢት?»

ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ጾም የሚባል ነገር እዚህ ስብሰባ ላይ አልተነሣም» አሉ ጓድ አድማሴ። «ግን መንገድ ላይ ምን ትበላለች?»

«ግንቦትስ?»

«በግንቦት ምን ደግ ነገር ተጀምሮ ያውቃል!»

«ሐምሌ?»

«በሐምሌ የእኛ ማሳ እንኳ ፈረስ ይውጣል፤ ዙሪያው ውኃ የሆነ አገርማ!»

ውዴ ከበሩ ሥር ድምጿን አሰማች። «ጋሼ አድማሴ፣ እኔ እኮ...»

«ጓድ በይ!»

«ጓድ ጋሼ አድማሴ፣ እኔ እኮ ጭቃም ጾምም አልፈራም። ብቻ ትምህርቱ እንዳያልፈኝ።»

«የግል ስሜት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ሰባት ወር ተመከረ። በመጨረሻ አንድም ተቃውሞ ያልቀረበባት ወር ተገኘች፤ ጳጉሜ። ሠርግ አታውቅ፣ ስብሰባ አታውቅ፣ ማንንም አትነካ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ውሳኔው ማኅተም አርፎበት ተላከ።

መልሱ በሳምንቱ ደረሰ። «በደሴቲቱ ዘመን አቆጣጠር ጳጉሜ የሚባል ወር የለም። ቦታው ለጥሊሊ ልጅ ተሰጥቷል።» ኋላ ቀሮቹ ጎረቤቶቻችን ጥሊሊዎች ኮሚቴ እንኳ ሳያቋቁሙ ልጃቸውን አሳፍረው ኖሯል።

እትዬ በለጡ ቀበሌው በር ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ውዴ ግን አላለቀሰችም።

«እሺ፣ ጥፋቱ የማን ነው?» አለች።

ጥያቄዋ ተገቢ ስለነበር አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። ኩባ እንዳትወቀስ ወዳጅ አገር ናት። ኮሚቴው እንዳይወቀስ አጥንቷል። ስለዚህ ጥፋተኛዋ ጳጉሜ ሆና ተገኘች፤ «ከዓለም ወዛደር ተነጥላ ብቻዋን የቆመች ከፋፋይ ወር» ተብላ በሙሉ ድምፅ ተሰረዘች።

እነሆ ከዘንድሮ ጀምሮ የቀበሌያችን ዓመት አሥራ ሁለት ወር ብቻ ነው። ውዴም ኩባ ባትሄድ እዚሁ ከእኛው ጋር ታረጃለች፤ ያውም በየዓመቱ አምስት አምስት ቀን ቀደም ብላ።