አርብ የማይሠራ አማች

እኛ ዘንድ ሰው ሥራ አለው የሚባለው ጧት ከቤቱ ሲወጣ ከታየ ነው። የት እንደሚሄድ ብዙም ግድ የለንም፤ ብቻ ቸኩሎ በሩን ዘግቶ ይውጣ። ቢሮ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሲያዛጋ ቢውል ሠራተኛ ነው። ቤቱ ተቀምጦ ወገቡ እስኪቆረጥ ቢሠራ ግን ያው ቤት የዋለ ሰው ነው። እኔ እንግዲህ ከቤት ዋዮቹ ወገን ነኝ።

የምሠራው ለስደተኞች መብት ለሚሟገት ድርጅት ነው። ድርጅቱ ያለው ውጭ አገር፣ እኔ ያለሁት ባሕር ዳር። አለቃዬን ያየኋት በኮምፒውተር ብቻ ስለሆነ ቁመቷን እንኳ አላውቅም። በየአገሩ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን የደረሰባቸውን በስልክ ይነግሩኛል፤ እኔ ጽፌ ለጠበቆቹ አስተላልፋለሁ። ብዙዎቹ የሚጠይቁት በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ነው። ድርጅቱ ታዲያ የሚሰብከውን በራሱ ሊጀምር ፈለገና ሥራችን በሳምንት አራት ቀን ሆነ፤ አርብ ዕረፍት ነው ተባለ።

ዕረፍት ቀላል ነገር ይመስላችኋል? የመጀመሪያዋን አርብ ተኝቼ ላሳልፍ ሞከርሁ፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ሰው ሁሉ ሥራ በገባበት ሰዓት እንዴት ይተኛል? ወጥቼ ጣና ዳር ተቀመጥሁ፤ እግሬ አላስቀምጥ አለኝ። ከጀልባ ማቆሚያው እስከ ዓሣ ጠባሾቹ ሄድሁ፣ ተመለስሁ፣ ደግሜ ሄድሁ። ባለ ጀልባዎቹ መጀመሪያ እንግዳ መስያቸው ገዳም እንውሰድህ ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ግን ዝም ብለው በሐዘኔታ ያዩኝ ጀመር።

ይህ ሁሉ ባልጎዳኝ ነበር፣ ለሰላማዊት ሽማግሌ ባልልክ ኖሮ። ሰላማዊት የምወዳት ልጅ ናት። አባቷ አቶ ይሁኔ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርተው በቅርቡ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከላክኋቸው ሽማግሌዎች ዋናው ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ነበሩ፤ በንግዱም በሽምግልናውም የተመሰከረላቸው።

ሐጂ ኋላ እንደነገሩኝ፣ አቶ ይሁኔ ልጁ ምን ይሠራል ብለው ጠየቁ። ለስደተኞች መብት ይሟገታል ተባሉ። ቢሮው የት ነው? ቤቱ። አለቃውስ? በአካል አይቷት አያውቅም። በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? አራት። ይኸን ጊዜ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እኔ ይኸን ልጅ አውቀዋለሁ፤ አርብ አርብ ጣና ዳር ሲንቆራጠጥ አየዋለሁ። ልጄን ለሥራ ፈት አልሰጥም» አሉና፣ ለይሉኝታ ያህል ሌላ ቀን ቀጠሯቸው።

ሰላማዊት ደውላ አባቴ አንዴ ከተናገረ አይመለስም ስትለኝ ክው አልሁ። እሷን ከማጣ አርብን ባጣ ይሻለኛል። እባካችሁ አርብም ልሥራ ብዬ ለአለቃዬ ጻፍሁ። ደነገጠች። የሌላውን ዕረፍት እያስከበርን ያንተን ብንወስድ ምን ይሉናል አለችኝ። ቀጥላም ሥራ በዝቶብህ አእምሮህ ደክሟል ብላ የሚመጣውን ሰኞም እንዳርፍ አዘዘችኝ።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሯቸው ሄዱ። አቶ ይሁኔ ያንኑ ደገሙ፤ እንዲያውም ባለፈው አርብ ከጧት እስከ ቀትር ሲመላለስ አይቸዋለሁ አሉ። ሐጂ ሰይድ ረጋ ብለው፣ «እሱስ ልክ ነው። ግን አቶ ይሁኔ፣ እርስዎ ከጧት እስከ ቀትር እዚያ ምን ይሠሩ ነበር?» አሏቸው።

ለካ አቶ ይሁኔም ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቤት መዋል አልሆነላቸውም፤ ሐይቁ ዳር ሲንጎራደዱ ነው የሚውሉት። ባለቤታቸው እንኳ አያውቁም ነበር። ጋቢያቸውን ፈታ አድርገው፣ «ሥራ መፍታት እኮ ከባድ ነው ሐጂ» አሉ። ይኸን ከሐጂ ስሰማ፣ እውነት ለመናገር፣ አንጀቴን በሉት።

ልጃቸውን ፈቀዱልኝ። በምላሹ የጠየቁት አርብ የእሳቸው እንድትሆን ብቻ ነው። አሁን አርብ ገና ሲነጋ አማቴ በሬን ያንኳኳሉ። አንዱን አርብ ቀበሌ ሰልፍ ይዘን እንውላለን፣ አንዱን መራዊ ድረስ ሄደን ለቅሶ እንደርሳለን፣ ሲላቸው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰባታሚት ለጀመሩት ቤት ድንጋይ ያሸክሙኛል። አረፍ ልበል ብል፣ በፈረቃ የኖሩት ሰውዬ ገና ሰዓቱ አልደረሰም ይሉኛል።

ሰኞ ወገቤን ይዤ ሥራ እገባለሁ። ስልኩ ይጠራል፤ አንዲት እህት ከሩቅ አገር ሆና በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ማረፍ ተከለከልሁ ትለኛለች። የራሴ ይመስል ቃል ሳላስቀር አቤቱታዋን እጽፋለሁ። አለቃዬ ሰሞኑን ጠርታ አመሰገነችኝ፤ ከሠራተኞቹ ሁሉ ከልቡ የሚጽፍ እንዳንተ ያለ የለም፣ የአርብ ዕረፍት ምን ያህል እንደጠቀመህ ይኸው ታየ አለችኝ።