ስም ያልተለጠፈባት መኪና

እንቢ ማለት ተሰጥኦ ነው። የታደለው እንቢ ብሎ ይኖራል፤ ያልታደለው ደግሞ እንደ እኔ ጠባብ ጫማ ገዝቶ ያነክሳል። አንድ ጊዜ ናዝሬት ገበያ አንድ ነጋዴ ጫማ አስለክቶኝ፣ አውራ ጣቴ ጫፉ ላይ ተጣጥፎ እያየ “ይለቃል” አለኝ። እሺ ብዬ ከፈልኩ። ጫማው አልለቀቀም። ዓመት ሙሉ ካነከስኩ በኋላ የለቀቅሁት እኔ ነኝ። ፀጉር አስተካካዬ ከነገርኩት በላይ ሲቆርጠኝ በመስታወቱ ውስጥ ፈገግ እልለታለሁ። ሻይ አዝዤ ማኪያቶ ከመጣልኝ፣ ማኪያቶ ስጠብቅ የቆየሁ እመስላለሁ። ይህ ታሪክ በሆነበት ዘመን ደግሞ ስብሰባ ብዙ ነበር፤ እኔ እጄን ካወጣሁ በኋላ ነው አጠገቤ የተቀመጠውን ሰው “ምን ተባለ?” ብዬ የምጠይቀው። ከእናንተም መካከል እንደኔ ያለ አይጠፋም። ይህን ጽሑፍ እንኳ ሰው አንብቡ ስላላችሁ ብቻ እሺ ብላችሁ የጀመራችሁት ትኖራላችሁ።

እንዲህ ያለ ሰው አዲስ መኪና ሊገዛ አዲስ አበባ ድረስ ብቻውን አይላክም። ይህን ያለችው ባለቤቴ ጫልቱ ናት።

ጫልቱ ነርስ ናት፤ እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩ። ስምንት ዓመት አጠራቅመን፣ ፈቃዱንም ወረፋውንም ታግሰን፣ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ መኪና ልትደርሰን ሆነ። ነጭ መኪና። ነጭ መሆኗ መኪና ከመሆኗ በፊት የተወሰነ ነገር ነበር። ጫልቱ ከኋላ መስኮቱ ሥር የሚነጠፍ ነጭ ዳንቴል ሠርታ፣ በትራስ ልብስ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ካስቀመጠች ሁለት ዓመት አልፏል። እኔም ተማሪዎቼ ፈተና ላይ አቀርቅረው ሲጽፉ ቆሜ ነጯን መኪናዬን ከግቢ አስወጣና፣ በፖስታ ቤቱ በኩል አዙሬ፣ በቀስታ እመልሳታለሁ። በእነዚያ ዓመታት ስንት ተማሪ እንደኮረጀ እግዚአብሔር ይወቀው።

አብረውኝ እንዲሄዱ የተወሰነባቸው አማቴ ጋሽ ፈይሳ ናቸው። ከናዝሬት ተነስተው በመቂ፣ በዝዋይ፣ በቡልቡላ አድርገው ሻሸመኔ ድረስ፣ አንዳንዴም አዲስ አበባ ድረስ፣ ሃያ ስድስት ዓመት አውቶብስ የነዱ ሰው ናቸው። ዓይናቸው ማየት ካቆመ ግን ሦስት ዓመት ሆኖታል።

መኪና ለመግዛት ማየት የማይችል ሰው ይዞ መሄድ ምን የሚሉት ነው እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ጫልቱን ጠይቄያት ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ወር አልሞላኝም፤ እሷ ደግሞ ከኔ ዓይን ይልቅ የአባቷን ጆሮ ታምናለች። በአፏ የነገረችኝ ምክንያት ይህ ነው። ሌላው ምክንያት ከበድ ይላል። ጋሽ ፈይሳ ዓይናቸው እንቢ ካላቸው ወዲህ ከግቢ አልወጡም፤ ይባስ ብሎ ምንም አይፈልጉም። ምን ይሠራልህ ስትላቸው “ያለው ይበቃል”፣ ሬዲዮ ልክፈት ስትላቸው “እንደወደድሽ”። ጫልቱ በሥራዋ ብዙ በሽተኛ አይታለች። የሚጮኸውና የሚሳደበው አያስፈራኝም፣ የምፈራው ምንም አልፈልግም የሚለውን ነው ትላለች። ጉዞውን ስትነግራቸው እሳቸውም “እንዳላችሁ” አሉ፤ ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ክንዴን ይዘው፣ በጠዋቱ አውቶብስ ሄድን።

የመኪና መሸጫው ግቢ ውስጥ ከረባት ያሰረ፣ ትሁት የሆነ ወጣት ሻጭ ተቀበለን። መኪናዋ ታጥባ በር ላይ ቆማለች። ነጭ ናት። ስምንት ዓመት በሐሳቤ ስነዳት ከነበረችው የምትለየው አሁን ጥላ ያላት መሆኗ ብቻ ነው።

ጋሽ ፈይሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሰጡኝና በእጃቸው ያዩዋት ጀመር። የፊት መብራቶቿን ዳበሱ፣ ከጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ በመዳፋቸው ለኩ፣ በሩን ከፍተው ዘጉና አዘጋጉን አዳመጡ። ሻጩ በአክብሮት ይከተላቸዋል። እንደዚህ እያሉ ዞረው ከኋላ ሲደርሱ ጣቶቻቸው ቀጥ አሉ። ተመለሱና እንደገና ዳበሱ።

“ይሄ ምንድን ነው?”

የድርጅቱ ስም ነው አላቸው ሻጩ። እውነትም ነው፤ በአራት ብሎን የታሰረ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት፣ በአማርኛም በፈረንጅ ፊደልም። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ልብ ያልኩት። የኋላ መስታወቱ ላይም ያው ስም በትልቁ ተለጥፏል፤ የታርጋው ማቀፊያ ላይም አለ። ከኋላዬ የሚመጣ ሰው የመኪናዋ ባለቤት ማን እንደሆነ ሦስት ጊዜ ይነገረዋል፤ ሦስቱም ጊዜ ግን ባለቤቱ እኔ አይደለሁም። እኔ ደግሞ፣ ጠባዬን አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ፣ ያምራል አልኩ።

“ደረሰኙ ተቆርጧል?” አሉ ጋሽ ፈይሳ።

“ተቆርጧል አባባ።”

“እንግዲያስ ሸጣችኋል። ከሸጣችሁ ስማችሁን ይዛችሁ ቅሩ።”

ሻጩ አልተቆጣም። ከዚህ ግቢ የሚወጣ መኪና ሁሉ እንዲህ ሆኖ እንደሚወጣ፣ እንዲያውም ለፊት መስታወት ጨምሩልን የሚሉ ደንበኞች እንዳሉ፣ የጥገና ሠራተኞችም ዋስትና ያላትን መኪና በዚያ እንደሚለዩ በትዕግሥት አስረዳቸው። ደረሰኙ አይበቃቸውም ወይ አሉት። እኔ በሀፍረት እጅጌያቸውን ጎተት አደረግሁ። ጋሼ ግድ የለም፣ ስም ብቻ እኮ ነው፣ ይቅር አልኳቸው።

ፊታቸውን ወደ ድምፄ መለሱ።

“መምህር፣ ሃያ ስድስት ዓመት የነዳሁት አውቶብስ በሩ ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ ነበር። ኋላ መንግሥት ሲወርሰው ያንን በቀለም አጠፉና ሌላ ስም ጻፉበት። መንገዱን የማውቀው እኔ፣ ስሙ የሌላ። ሰውም ቢሆን ፈይሳ አይለኝም፤ የእገሌ ሹፌር ነው የሚለኝ። የጫልቱ እናት ስትሞት እንኳ ለቅሶ የመጣው ሰው ‘የእገሌ ሹፌር ሚስት ሞተች’ ተብሎ ነው የመጣው። እሷም ስም ነበራት።”

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቆም አሉና ቀጠሉ።

“ልጄ ላቧን አፍስሳ በገዛችው መኪና ላይ የማላውቀው ሰው ስም አልፈልግም።”

አልፈልግም አሉ። ቃሉን ልብ በሉልኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዳላችሁ፣ እንደወደዳችሁ ሲሉ የኖሩ ሰው አልፈልግም ሲሉ ስሰማ የያዝኩትን እጅጌያቸውን ለቀቅሁ። ጫልቱ ብትሰማቸው እዚያው ግቢ መሐል እልል ባለች።

ሻጩ ከረባቱን እየነካካ አሰበ። መስታወቱ ላይ ያለው ይላጣል፣ የታርጋው ማቀፊያም ይፈታል፤ ችግሩ ብረቱ ነው አለ። የኋላ ክዳኑ ተበስቷል፤ ብረቱ ቢነሳ አራት ቀዳዳ ይቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ውኃ ያስገባል። ጋሽ ፈይሳ ያልተበሳች ሌላ የለችም ወይ ሲሉ ጠየቁት። አንዲት አለች፣ መጋዘን ውስጥ ናት፣ ስም ሳይለጠፍባት የቆየችው የጠየቃት ሰው ስለሌለ ነው አለና እኔን ቀና ብሎ አየኝ። አስተያየቱ አላማረኝም።

መጋዘን ገብተን ሸራውን ገለጠው። ብጫ። የሎሚ አይደለም፣ የቅቤም አይደለም፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል አስኳል የሚመስል፣ ዓይን ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ብጫ። ጋሽ ፈይሳ በቀጥታ ወደ ኋላዋ ሄዱ። ክዳኑን ከዳር እስከ ዳር በመዳፋቸው ጠረጉት። ልስልስ ነው፤ ምንም የለበትም። ከስንት ጊዜ በኋላ ፊታቸው ሲፈታ አየሁ።

“ይቺ ትሻላለች” አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ “ቀለሟ ምንድን ነው?”

ሻጩ አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት።

“ነጭ ናት ጋሼ።”

ለምን እንደዋሸሁ አሁን ስጠየቅ መልስ አለኝ፤ ያኔ ግን አስቤበት አይደለም። ብጫ ናት ብላቸው ነጯን ለእሳቸው ስል እንደተውኳት ያውቃሉ፤ ካወቁ ደግሞ ወዲያው እንዳላችሁ ይሉና ወደዚያ ወደ ዝምታቸው ይመለሳሉ። ሻጩ እኔን አየ፣ እሳቸውን አየ፣ ከዚያ መሬት አየ። ጨዋ ልጅ ነበር። “አዎ፣ ነጭ ናት” አለ።

ወረቀቱ ተቀያይሮ እስኪያልቅ እኩለ ቀን ሆነ። ከከተማ ስንወጣ መሪውን እንደ ገመድ ጨምቄ ይዤው ነበር። ቃሊቲ ኬላ ላይ ወታደሩ ሲፈትሸን ሌላው ሰው የሚፈራውን አልፈራሁም፤ የፈራሁት ቀለሟን እንዳይጠራ ነው። አልጠራም። ጋሽ ፈይሳ አጠገቤ ተቀምጠው በጆሮአቸው ይነዳሉ። አሁን ሦስተኛ አግባ፣ አታስጩሃት፣ ፍሪሲዮኑ ላይ እግርህን አታስተኛ፣ ከፊትህ ያለው ከባድ መኪና ነው አትጠጋው ይሉኛል። ጠመዝማዛው ሳይደርስ ጠመዝማዛውን ይነግሩኛል። አንድ ቦታ ላይ ቀኝ ዳር ጉድጓድ አለ አሉኝ፤ እውነትም አለ። ሦስት ዓመት ማንም አልደፈነውም፣ እሳቸውም አልረሱትም።

ዱከምን አለፍ ብለን፣ ትንሽ ላርፍ መኪናዋን ዳር አስያዝኳት። ወዲያው እሸት ሽምብራ የታቀፈች አንዲት ልጃገረድ በእሳቸው በኩል መጣች። ጋሽ ፈይሳ በኦሮምኛ ሰላም አሏት፣ ሰላም አለቻቸው፤ ስለ ዘንድሮው አዝመራ ተጨዋወቱ። ልጅቷ ሽምብራውን በመስኮት እያቀበለቻቸው ሳቅ አለችና መኪናዋን አሞገሰችላቸው። የኔ ኦሮምኛ ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም፤ ከተናገረችው ውስጥ አንድ ቃል ግን አውቃለሁ። ኬሎ አለች። ኬሎ በመስከረም ሜዳውን ሁሉ የሚያለብሰው ብጫ አበባ ነው። መኪናችሁ ኬሎ ትመስላለች ማለቷ ነው።

ጋሽ ፈይሳ አመስግነው ተሰናበቷት። እኔ ሞተር አስነሳሁ።

ደብረ ዘይት ደረስን፤ አውሮፕላን በላያችን አለፈ፤ ምንም አላሉም። ማርሽ ባስጮህም ዝም። አንድ ጊዜ ሞተር ጠፋብኝ፣ ያኔም ዝም። ሽምብራውን አንድ በአንድ እየፈለፈሉ ግማሹን ለኔ ያቀብሉኛል፤ እኔም ላለማየት እየጣርኩ እውጣለሁ። እንዲህ እንዳለን ሞጆ ልንገባ ስንል ጉሮሮአቸውን ጠረጉ።

“ነጭ ነበር የምትፈልገው?”

“አዎ ጋሼ።”

“ጫልቱም?”

“እሷም።”

እጃቸውን ዘርግተው ከፊታቸው ያለውን ክሩስኮት በቀስታ መታ መታ አደረጉት።

“ብጫ ጥሩ ነው” አሉ። “ከሩቅ ይታያል። አንተን ደግሞ እንዳነዳድህ ሰው ከሩቅ አይቶህ ገለል ቢል ይሻላል።”

ሳቅኩ፤ መኪናዋም አብራኝ ተወላገደች። መሪህን ያዝ አሉኝ፣ ግን እሳቸውም ይስቁ ነበር። ስለ ውሸቴ ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቃል አልተነጋገርንም።

ናዝሬት ስንደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ክላክሱን ነካ ሳደርገው ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ጫልቱ ዳንቴሉን በሁለት እጇ ይዛ ከበር ብቅ አለች፤ መኪናዋን ስታይ ደረጃው ላይ ቆማ ቀረች። ፊቷ ላይ ያለፈውን አልነግራችሁም፤ ባለትዳር የሆነ ያውቀዋል።

“ነጭ አልነበረም እንዴ?” አለች፣ ዓይኗን እኔ ላይ ተክላ።

ጋሽ ፈይሳ በሩን ራሳቸው ከፍተው ወረዱ፣ ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱላት።

“ቀለሙን የመረጥኩት እኔ ነኝ።”

እንዲህ ላለ ነገር ምን ይባላል? ጫልቱ አባቷን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና አባቷን አየች። አባቷ አንድ ነገር መረጥኩ ሲሉ ከሰማች ስንት ጊዜዋ ነው። ዳንቴሉን አጣጥፋ ብብቷ ውስጥ ከተተችና ወርዳ አቀፈቻቸው። “ያምራል አባባ” አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሮ ነበር።

እሳቸው ግን በዚህ አላበቁም። ጎረቤቱ እንደከበባቸው ነጭ ለናዝሬት አቧራ እንደማይሆን፣ ብጫ ግን አቧራ ቢቀመጥበትም እንደማያስታውቅ፣ በጭጋግም ሆነ በዝናብ ከሩቅ እንደሚለይ በሰፊው ያብራሩ ጀመር። ሰውም ቆሞ በጥሞና አዳመጠ። በማግስቱ ጠዋት ከቁርስ በፊት ከደጅ ድምፅ ሰምተን ስንወጣ፣ ጋሽ ፈይሳ የመኪናዋ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው መቂ ያለች እህታቸውን ልንጠይቅ እንደምንሄድ ነገሩን። ቤንዚን በኩፖን ነበርና ወሩ ገና ሳይጋመስ አለቀብን። ማንም አልከፋውም።

ከሁለት ወር በኋላ ይመስለኛል፣ ከኛ ሦስተኛ ቤት የሚኖር ወሎዬ ባለሱቅ የግቢውን የቆርቆሮ በር ሊያስቀባ አሰበና ቀለም ሊያማክር መጣ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ሰላም ብሎኝ አለፈና ቀጥታ ወደ ጋሽ ፈይሳ ሄደ። አማቴ በሩ ወደየት እንደሚዞር፣ ፀሐይ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚያገኘው ጠየቁት። አገጫቸውን ይዘው ብዙ ካሰቡ በኋላ “ሰማያዊ” አሉት።

ሰማያዊ ቀባው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አምሮበት ነበር።