ሊቀ አስፋልት እና የጠፋው ቱቦ

በየመሥሪያ ቤቱ ጡረታ ወጥቶ ከግቢው ያልወጣ አንድ ሰው አይጠፋም። በመኪና መወዳደሪያው ትራክ ይህን ሹመት የያዙት ሊቀ አስፋልት ናቸው። ማዕረጉን ያወጡላቸው ሠራተኞቹ ለፌዝ ነበር፤ እሳቸው ግን «ዘገያችሁ» ብለው ተቀበሉት።

ትራኩ ሲሠራ የአስፋልት መዳመጫ ሮለር ነድተዋል። በእሳቸው አተራረክ ግን ረግረጉን ያደረቁትም፣ አሥሩን ኩርባዎች የቀየሱትም እሳቸው ናቸው፤ መሐንዲሶቹ ያኔ ምን ይሠሩ እንደነበር አይታወቅም። የሚጠራጠር ካለ፣ «ይህን የምናውቅ አስፋልቱና እኔ ነን» ይላሉ። አስፋልቱ እስካሁን አልካደም።

አዲሷን ኢንጂነር በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ሬንጅ ሙቀት አስተማሯት፤ በሁለተኛው ስለ ጎማ፤ በሦስተኛው ስለ ባል አመራረጥ። ሁሉንም ቻለችው።

ትዕግሥቷን የጨረሰው ውሃ ነው። ዝናብ በጣለ ቁጥር ስምንተኛው ኩርባ ኩሬ ይሆናል። ውሃው በሦስት ቀን ውስጥ መውረጃ ካላገኘ ተቆጣጣሪው የውድድር ፈቃዱን አይፈርምም፤ ውድድሩ ይሰረዛል፤ እሷም ሥራዋን ትሰናበታለች። ከመሬት በታች የተደፈነ የውሃ ቱቦ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። ያለበትን የሚያሳየውን ፕላን ግን አይጥ በልቶታል።

ሊቀ አስፋልት ሳይጠየቁ መለሱ፤ ቱቦው ከሦስተኛው ኩርባ መግቢያ ሃያ እርምጃ ላይ ነው። ኩሬው ስምንተኛው ላይ መሆኑ ቢነገራቸው ፍንክች አላሉም። ሌላ አማራጭ አልነበረምና ሁለት ቀን ተቆፈረ። የተገኘው ድንጋይ ብቻ ነው። ቆፋሪዎቹ ሊቁን እያዩ በአካፋቸው ሰላምታ ሰጡ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኢንጂነሯ ልትቆጣቸው ሄደች። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሙከራ መኪኖችን ያያሉ፤ መኪኖቹ ግን የሚመጡት ከጀርባቸው ነው።

«ጋሼ፣ ለምን ጀርባዎን ሰጥተው ይቀመጣሉ?»

«እኔ በደንብ ነው የተቀመጥኩት። በተገላቢጦሽ የሚነዱት እነሱ ናቸው።»

ቀስ እያለች ነገሩን አወጣጣቻቸው። ትራኩ ሲከፈት መኪኖቹ የሚዞሩት በተቃራኒው ነበር፤ አቅጣጫው የተለወጠው አዲሱ የተመልካች መቀመጫ ሲሠራ ነው። ኢንጂነሯ በጣቷ ከአሥር ወደ ኋላ ቆጠረች። የሳቸው ሦስተኛ የዛሬው ስምንተኛ ነው፤ መግቢያ ያሉትም መውጫው።

«ታዲያ ይህን አይነግሩኝም?»

«የፈለግሽው ቱቦውን ነው፣ ልጄ።»

ከስምንተኛው መውጫ ሃያ እርምጃ ለካች። ቱቦው ከሰዓት በፊት ተገኝቶ ተጠረገ። ተቆጣጣሪው አንድ ቦቴ ውሃ አስደፍቶ፣ ሲጠፋ አይቶ ፈረመ። ሲፈርም ሊቀ አስፋልት አጠገቡ ቆመው ስለ ብዕር አያያዝ ይመክሩት ነበር።

ኢንጂነሯ አዲስ ፕላን ነደፈች። በየኩርባው የዛሬውን ቁጥር ጻፈች፤ ትንሽ አስባ ከሥሩ የሊቁን ቁጥር በደቃቅ ጽሕፈት ጨመረች። ሊቀ አስፋልት መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«የኔዎቹ አንሰዋል» አሉ።

ኢንጂነሯ ላጲሷን አነሳች።