የዶሮዎቼ ጎረቤቶች

ሰው ሠርቶ ሲያድር ብቻውን አያድርም። ዳቦ ቤት አጠገብ የተከራየ ሰው ገና ፊቱን ሳይታጠብ የትኩስ ዳቦ ሽታ በነፃ ይደርሰዋል፤ ወፍጮ ቤት አጠገብ የተከራየው ደግሞ ከሚስቱ ጋር እንኳ የሚያወራው እየጮኸ ነው። አንዳቸውንም «ትፈልጋለህ ወይ?» ያላቸው የለም። ሠሪው ትርፉን ሲያስብ የሚያየው የራሱን ጓዳ እንጂ የጎረቤቱን መስኮት አይደለም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ?

እኔ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ደመወዙ አላዳርስ ቢለን ከባለቤቴ ጋር ተማክረን እዚሁ ጎንደር፣ ግቢያችን ውስጥ፣ የእንቁላል ዶሮ ማርባት ጀመርን። ሥራው ቀናን። ሰፈሩም እንቁላል ከደጁ አገኘ፤ ሥራ ፈትተው የነበሩ ሁለት ሴቶችም እኛው ዘንድ ተቀጠሩ። በየመንገዱ የሚመርቀኝ ሲበዛ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አረማመዴ ሁሉ ተለወጠ። ሽታውስ? አፍንጫ ለባለቤቱ ያደላል።

የአጥር ጎረቤቴ አያ ታፈረ ጡረታ የወጡ አናጢ ናቸው። ሴት ልጃቸውን ለጋብቻ የሚጠይቁ ሽማግሎች ከቆላ ድባ ሊመጡ ሆነና እኔም ከተቀባዮቹ አንዱ እንድሆን ተጠራሁ። ግብዣው ግን በከተማው ሌላ ጫፍ፣ በእህታቸው ቤት ነበር።

«ምነው አያ ታፈረ፣ የእርስዎ ሳሎን አይበቃም?» አልኳቸው።

«እንዲያው እህቴ ደስ ይበላት ብዬ ነው» አሉኝ።

ሽማግሎቹ እሺታ አግኝተው ማዕድ ቀረበ። የአያ ታፈረ እህት ወጥ ሊጨምሩልኝ መጥተው አጠገቤ አረፍ አሉ። ማን መሆኔን አላወቁም።

«ብሉ እንጂ። ወንድሜ ቤት ቢሆን እንዲህ ተረጋግታችሁ አትበሉም ነበር።»

«ምነው?»

«ጎረቤቱ ዶሮ ያረባል። ዝንቡና ሽታው መስኮት አያስከፍትም። እንግዳ ጠርቶ አፍንጫ አስይዞ ማብላት ነውር ነው ብሎ ነው እኔ ዘንድ ያመጣው።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሰውየውስ ሸጋ ነው ይላሉ፤ እግዜር አፍንጫ ነሳው እንጂ።»

ማዶ የተቀመጡት አያ ታፈረ ሰምተዋል፤ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለው ቀሩ። ማፈር የነበረብኝ እኔ፣ የሚያፍሩልኝ እሳቸው።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። መስኮታቸው ጥርቅም ብሏል።

«እኛ ምንም አይሸተንም» አሉ አያ ታፈረ።

«የምን ሽታ?» አሉ ባለቤታቸው፣ የነጠላቸውን ጫፍ ከአፍንጫቸው ሳያወርዱ።

«ለማንኛውም ዶሮዎቹን ቅዳሜ ከሰፈር ላወጣቸው ነው» አልኩ።

«ለእኛ ብለህማ አትድከም» አሉ ሁለቱም። ከዚያ አያ ታፈረ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብለው ጠየቁኝ።

ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትወጣ በሬ ተንኳኳ። ሰፈሩ በሙሉ ቆሟል። የዕድር ድንኳን ለመትከል ተለምኖ የማይመጣው ሁሉ እጅጌውን ሰብስቦ መጥቷል። ስለ ሽታ አንድም ሰው ትንፍሽ አላለም፤ ዶሮውን ከነቅርጫቱ እየተቀባበለ መኪናው ላይ ጫነልኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ፣ እያንዳንዱን «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ ሸኘሁ።

አዲሱ ቦታ በአዘዞ መውጫ በኩል ነው፤ ሜዳ ነው፣ ሰው የለበትም ተብዬ ነበር የተከራየሁት። ጭነቱን አውርደን ሳንጨርስ ከቁልቋሉ አጥር ማዶ አንዲት እናት ብቅ አሉ።

«እንኳን ደህና መጣህ ልጄ» አሉኝ። «ብቻዬን ነበርኩ። ጎረቤት ማግኘት እንዴት ሸጋ ነው።»

ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አየሁ። ወደ እሳቸው ነው።

«እኔም ደስ ብሎኛል፣ እናቴ» አልኩ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።